ቢላ የደረሰበት

ግልፍተኛ ነኝ፤ አሰላ ስገባም ግልፍተኛ ነበርኩ። ያኔ ሳይንስ ላስተምር ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ ወጣት ነኝ። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሕያዋንን እንስሳትና ዕፅዋት ብዬ ለሁለት እከፍልና፣ ለጀርሞች ጥግ ላይ ጠባብ ቦታ አስቀርላቸው ነበር። የት እንደሚመደቡ መጽሐፉም ቁርጡን አይናገርም።

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አከራዬ ግን ምደባቸው ቁርጥ ያለ ነው። ከብት ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ከደረሰበት ሥጋ ነው፤ ካልደረሰበት በክት ነው፣ የውሻ ነው። ሦስተኛ ነገር የለም። ስለዚህ የታመመ ከብት ሲወድቅ ሩጫው ሁሉ ሞትን ለመቅደም ነው። ላማቸው አብጣ ስትወድቅም ቀድመው አረዷት፤ ሥጋዋ ተቀቅሎ ተበላ። የገፈፋት ታናሽ ወንድማቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ላይ መሐሉ የጠቆረ፣ የማያመው ቁስል ወጣበት፤ እጁ እስከ ትከሻው አበጠ። ደግፌ ክሊኒክ ወሰድኩት። አካሚው ድሬሰር ቁስሉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አባ ሰንጋ ነው» አለኝ። «ከዚያ ግቢ ሌላ ከብት ከወደቀ ማንም እንዳይነካው።»

ወንድምየውን እዚያው አስተኝቼ ስመለስ አንዱ የእርሻ በሬ አጥሩ ሥር ወድቋል። ካፍንጫው ጥቁር ደም ይወርዳል። ጎረቤቶች ቅርጫ ሊገቡ ተሰብስበዋል። የአከራዬ ልጆች ከጥሬው ሊቀምሱ ሰሐን ይዘው ተኮልኩለዋል፤ የትንሿ ጥርስ ገና አልሞላም።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት! ወንድምዎን የያዘው ይኼው ነው። ደሙ ውስጥ ጀርም አለ!»

«ወንድሜን የወጋው እሾህ ነው። ላሟን በላናት፣ ምን ሆንን?»

«ያቺን ቀቅላችሁ ነው! ይኼን በጥሬው ልትበሉ ነው!»

«ጀርም የምትለውን አየኸው? እስቲ አሳየኝ!»

ማሳየት አልችልም። የትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ መስታወቱ ከተሰበረ ቆይቷል። አከራዬ ቢላቸውን በድንጋይ መሳል ቀጠሉ። ለመንኩ፣ ተሳደብኩ፣ አንዱን ጎረቤት ገፈተርኩ፤ እሱም በዱላ ትከሻዬን አለኝ። ደሜ ፈላ። በእኔ ምደባ እንደማላሸንፋቸው የገባኝ ያኔ ነው፤ በራሳቸው ምደባ ግን ይቻላል።

ማገዶ መፍለጫው መጥረቢያ አጠገቤ ነበር። አነሳሁና በጀርባው የበሬውን ግንባር መታሁት። አጥንቱ ሲደቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። ደገምኩት። በሬው አጓራ፤ እግሮቹ አፈሩን ዛቁት። አከራዬ ቢላቸውን ይዘው ወደ አንገቱ ሲወረወሩ ወገባቸውን ጨምድጄ ይዤ አብሬያቸው ወደቅኩ። ትከሻዬን ነከሱኝ። አልለቀቅኳቸውም። «ዺሲ! ዺሲ!» እያሉ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ ይጮኻሉ፤ ተው ማለታቸው ነው፣ ማናችንን እንደሆነ እንጃ። የበሬው እግሮች ቀጥ አሉ። ቢላ አልደረሰበትም። በክት ሆነ።

ከዚያ የዱላ ዶፍ ወረደብኝ። ግራ ክንዴ ተሰበረ፤ የፊት ጥርሶቼ እዚያው አፈር ውስጥ ቀሩ። በሬውን ግን ማንም አልነካውም። ልጆቹ ባዶ ሰሐናቸውን ታቅፈው ሲያለቅሱ፣ እኔ ደም በሞላው አፌ ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ፣ መሬታቸው በዚያ ዓመት ጦሙን እንደሚያድርም አውቅ ነበር። ያም ሆኖ ደስ ብሎኛል።

ወንድማቸው ከክሊኒኩ በሕይወት አልወጣም። ቀብሩ ላይ የተሰበረ ክንዴን በሻሽ አንጠልጥዬ ከሰዉ ራቅ ብዬ ቆምኩ። አከራዬ ዱላቸውን እንደያዙ ወደ እኔ መጡ፤ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ሊደግሙኝ ነው ብዬ በደህናው እጄ ጭንቅላቴን ሸፈንኩ። አልመቱኝም። ዓይናቸው ቀልቷል።

«በሬዬን ለመግደል በጊዜ ደረስክ» አሉኝ። «ላሟን ስናርድ የት ነበርክ?»