መቀነቱን የያዘው ሰው

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ መደብ ላይ ተቀምጬ እግሬ ገና መሬት በማይነካበት ዕድሜ፣ ገራዶ ባለው ቤታችን መግሪብ ተሰግዶ እራት እስኪቀርብ ያለችው ጊዜ የአብዬ ሙሄ ነበረች። አብዬ ሙሄ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ጋ ገብተው ምሰሶው ሥር ያለውን መደብ የራሳቸው አደረጉት። ምድጃው ውስጥ የወይራ ፍልጥ ፍም ሆኖ፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ ጣሪያውን ጥላሸት እያለበሰች፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ጉልበታቸው ሥር እንወሸቅ ነበር። ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን እንኳ አንነሳም። የተነሳ ቦታውን ይቀማል።

ወሬያቸው ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የወርቅ ነው፦ ጦሳ ተራራ ሥር ስለተቀበረው የወርቅ ጋን፣ ጋኑን ስለሚጠብቀው ዘንዶ፣ ዘንዶውን ላታልል ብሎ ሄዶ ሱሪውን ጥሎ ስለሮጠው የኩታበር ሰው። አንዳንዴ ጋኑን ከጦሳ አንስተው እኛው ቤት፣ የተቀመጡበት መደብ ሥር ያመጡትና ሰይድን «ስትተኛ ጆሮህን ለጥፈህ አድምጥ፣ ሲንኳኳ ትሰማለህ» ይሉት ነበር። ይህን ሲያወሩ ራሳቸውም ይስቃሉ። መጨረሻውም ሁልጊዜ «ወላሂ፣ ውሸቴን ነው» ነበር።

ሌላው ወሬ የሌባ ሻይ ነው። እሱን ሲያወሩ አይስቁም።

ሌባ ሻይ ማለት በእሳቸው ልጅነት ዕቃ ሲጠፋ የሚጠራ ሌባ ፈላጊ ነው። ሰውዬው አንድ ብላቴና ይዞ ይመጣል፤ ለልጁ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፣ ጭስ ያስምገዋል፣ ወገቡን በመቀነት አስሮ ጫፉን ራሱ ይይዛል። ልጁ ዓይኑ ፈዞ እየዳኸ መንደሩን ያካልላል። ልጁ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ነው፤ አለቀ። አብዬ ሙሄ ልጅ ሳሉ ከአንድ የመንደሩ ሀብታም ቤት የብር ጌጥ ጠፋና ሌባ ሻይ ተጠራ። ልጁ ዳኸ ዳኸና እነሱ ደጃፍ ላይ ተዘረረ። አባታቸው ቁርአን ይዤ ልማል ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ከብታቸው ተነዳ፣ ቤታቸው ፈረሰ፣ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቢስቲማ ተሰደዱ። ጌጡ በኋላ ከሀብታሙ ከራሱ ጎተራ ግርጌ ተገኘ። ከብት የመለሰም ይቅርታ ያለም አልነበረም።

እዚህ ላይ ፍሙን በጭራሮ ቆስቆስ አድርገው ይጠይቁናል፤ «መቀነቱን የያዘው ማን ነበር?»

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን «ልጁ» አልኩ። «ልጁማ ታስሯል» አሉኝ። ሰይድ «ሰውዬው» አለ። «ሰውዬውስ ቁርሱን የበላው ማን ቤት ነው?» አሉ። ሀብታሙ ቤት ነበር፤ ያ ሀብታም ደግሞ ከአባታቸው ጋር የወሰን ጠብ ነበረው። ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ በየምሽቱ ስለሚደግሙት፣ እኔና ሰይድ ቀን ቀን ተራ በተራ ወገባችንን እየታሰርን ሌባ ሻይ እንጫወት ነበር። የምንወድቀው ሁልጊዜ የሚጣፍጥ ነገር የተደበቀበት ጋ ነው።

አብዬ ሙሄ ከሞቱ ቆዩ። አባቴም ተከተሏቸው። እኔ ደሴ፣ አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሰይድ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ገራዶ ያለው ቤት ውስጥ እናቴ ብቻዋን ቀርታለች፤ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አልልም ያለች ሴት ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ደወለችልኝና፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብላ «ሰይድ ወርቅ የሚያይ መሣሪያ ያለው ሰው አምጥቷል፤ ቤቱን ሊቆፍሩት ነው፣ ዕቃዬን እያወጣሁ ነው» አለችኝ። የሰው ቀሚስ መርፌው ሥር ጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ስደርስ ፍራሿ፣ ጀሪካኗ፣ የአባቴ ሳጥን፣ ሁሉም ደጅ ተኮልኩሏል። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጎረቤቱ ዙሪያውን ቆሟል። ገባ ብዬ ባይ የአብዬ ሙሄ መደብ ፈርሷል፤ ጉድጓዱ ምሰሶው እግር ደርሷል። ያ ምሰሶ ነው ጣሪያውን ሁሉ የተሸከመው፤ እሱ ከተነሳ እናቴ ቤት የላትም ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ሰይድን እጁን ይዤ ወደ ደጅ ጎተትኩት።

«እታለም፣ ተረጋጊ እንጂ» አለኝ። «ለእማ ብዬ እኮ ነው። ወርቁ ከወጣ የብሎኬት ቤት እሠራላታለሁ።»

አውቃለሁ፣ ለእሷ ብሎ ነው። ያናደደኝም እሱ ነው።

ባለመሣሪያው ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበር። መሣሪያው የሽጉጥ እጀታ የመሰለ መያዣ አለው፤ ከላዩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደ ልቧ የምትዞር የራዲዮ አንቴና፣ ከጎኑ አረንጓዴ የምታበራ ትንሽ ሳጥን። ወርቅ የትም ቢቀበር፣ ሸለቆ ማዶም ቢሆን አንቴናዋ ዞራ ታመለክታለች አለኝ። አሳየኝም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ቆሞ ያዘው፣ አንቴናዋ ቀስ ብላ ዞረችና ቤታችንን አመለከተች። ጎረቤቱ «ሱብሃነላህ» አለ።

ይሄኔ እናቴ ከበርጩማዋ ሳትነሳ «አንተ ልጅ» አለችው። «ይህ ዕቃህ ወርቅ ካለበት ሁሉ ይዞራል?»

«አዎ እናቴ፣ ከየትም።»

«ታዲያ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አጠገብህ ተቀምጬ የለም?» አለችና መቀነቷን ፈታ አደረገች። ከጫፉ ቋጠሮ በኒካዋ፣ በሠርጓ ቀን የተሰጣትን የወርቅ ጉትቻ አወጣች። ከቤት ስትወጣ እዚያ ውስጥ ነው የምትቋጥረው።

ሰውዬው አልደነገጠም። ያልተቀበረ ወርቅ አይነበብም፣ የሰው ገላ ሙቀት ያዛባዋል አለ። ጎረቤቱም «እሱስ ልክ ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። ሸለቆ ማዶ ያያል የተባለ ዕቃ የአንዲት አሮጊት ወገብ ጋረደው ብለው አመኑ እኮ! እንደዚህ ካለ ሰው ጋር ምን ትከራከራለህ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ተውኩትና ወደ ወንድሜ ዞርኩ።

«ሰይዶ፣ ወርቅ እዚህ ቤት አለ ብሎ የነገረህ ማን ነው?»

«መሣሪያው ነዋ።»

«ከመሣሪያው በፊት።»

አንገቱን ደፋ። ሰውዬው ኮምቦልቻ ምሳ ሲጋብዘው የአብዬ ሙሄን ወሬ አጫውቶት ኖሯል፤ ጋኑን፣ መደቡን፣ ሌሊት የሚሰማውን ማንኳኳት፣ ሁሉንም። «ውሸቴን ነው» የሚለውን ብቻ ዘሎታል።

መሣሪያውን ከሰውዬው እጅ ተቀብዬ ለሰይድ አስያዝኩት። ሰውዬው «ሥልጠና ይፈልጋል» ብሎ ሊከለክል ሲል እናቴ «ልጄ በገዛ ደጄ ይያዘው» አለችውና ፈቀቅ አለ። ከበሩ ፊት አቆምኩት። አንቴናዋ ቤቱን አመለከተች፣ ልክ እንደ ቅድሙ። የሰይድ ፊት በራ። ያኔ ሻሼን ፈትቼ ዓይኑን ሸፈንኩት፤ ልጅ ሆነን ስንጫወት እናደርግ እንደነበረው አዙሬ አዙሬ ለቀቅኩት። አንቴናዋ የጎረቤታችንን የጭድ ክምር አመለከተች። ደግሜ አዞርኩት፤ ወደ አስፋልቱ ሄደች። እንደገና ሳዞረው ባለመሣሪያውን ራሱን አመለከተችና አንዲት ልጅ ሳቀች። ሻሹን ሳነሳለት ዓይኑ ቤቱ ላይ አረፈ፤ አንቴናዋም ወደ ቤቱ ዞረች። በዚህ ጊዜ ግን የገዛ እጁን አንጓ እያየ ነበር። አንጓው በጣም በትንሹ፣ ከሞላ ስኒ ጠብታ እንደሚያፈስ ሰው እጅ፣ ዘንበል ብሏል።

«ወላሂ፣ እኔ አላዘነበልኩትም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ልብህ ቀድሞ እዚያ ሄዷል፣ እጅህ ተከተለው። እስቲ መልስልኝ፣ መቀነቱን የያዘው ማን ነው?»

እዚያ መደብ ላይ አብረን ነው ያደግነው። መልሱን ያውቀዋል፤ መሣሪያውን ለሰውዬው መለሰና አካፋ አንስቶ ገባ። ሊቆፍር መስሎኝ ልጮህ ነበር። ለካ አፈሩን ወደ ጉድጓዱ ሊመልስ ኖሯል።

ባለመሣሪያው ዕቃውን ሲሸክፍ፣ ወርቁን ጂን ሸሽጎታል፣ ይህች ሴትዮ ባትመጣ ኖሮ ይወጣ ነበር ብሎ ሄደ። እስከ ዛሬ ገራዶ ስሄድ የመንደሩን ሲሳይ የዘጋች ሴት እያሉ የሚያሙኝ አሉ። ይሙኝ። ከቤታችን ሥር ወርቅ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ያቺ አንቴናም አታውቅም። የሚጓጓ ካለ የገዛ ምሰሶውን ይንቀል። የእኛው ምሰሶ ትንሽ ጋደል ብሎ ቆሟል፤ ሰይድ በየወሩ እየመጣ ሥሩን በድንጋይ ያጠብቃል፣ መደቡንም መልሶ ሠርቶታል።

አሁን አሁን ኩራዝ የለም፣ አምፖል ነው። እዚያ መደብ ላይ ስቀመጥ ግን የወይራው ጭስ ይሸተኛል፤ አብዬ ሙሄ ያን ጥያቄ ስለምን ያን ያህል እንደደጋገሙብን አስባለሁ። ያኔ መልሱን እንድናውቅ ይመስለኝ ነበር። መልሱንማ ያን ቀን አባታቸው ደጃፍ ላይ የቆመ ጎረቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። የጠየቀ ግን አልነበረም።