ውሃ በር የለውም

አጎቴ አርብ አርብ ጠዋት ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከሰፈራችን ከካርቲየ 4 በእግራቸው የአምቡሊ ወንዝ ባሕሩን ወደሚገናኝበት ዳርቻ ይወርዱ ነበር። ወንዙ ቢደርቅም ባሕሩ ገብቶ ይሞላዋል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚዋኘው እዚያ ነበር። አጎቴ ቀድመው ይገቡና ታቹን በእግራቸው እየዳሰሱ፣ የሰላ ድንጋይ ካገኙ አውጥተው ይጥላሉ። ከዚያ "በሉ ግቡ፤ ውሃ በር የለውም" ይሉናል።

አምና ዳርቻው ታጠረ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ትንሽ ሳለ ሲሰምጥ ጎትተው ያወጡት፣ ዋናም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ የአባልነት ካርድ የሌለው አይገባም" አላቸው መሬት መሬቱን እያየ።

ጆሯቸው ደክሞ ነበርና ወደ እኔ ዞሩ። "ምን አለ?"

እውነቱን ልነግራቸው አልቻልኩም። "እድሳት ላይ ነው ይላል" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አርብ በመጣ ቁጥር ፎጣቸውን ከሚስማሩ አውርደው "እድሳቱ አለቀ?" ይሉኝ ነበር። "ገና ነው" ስላቸው መልሰው ይሰቅሉታል። እንደጠበቁ ሞቱ። ፎጣው ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል።

ዘበኛው ለቅሶ መጣ። "እሳቸው ባይኖሩ እኔም አልኖርም ነበር" እያለ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ከሃዲ! አንገቱን ይዤ ላስወጣው ተነሣሁ፤ ሚስማሩ ላይ ያለውን ፎጣ ሳይ ግን ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እሱ የመለሳቸው አንድ ቀን ነው። እኔ በየአርቡ።