ናፍጣና ፈንዲሻ በጣና ላይ

የማጠናው በባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይት እንዴት እንደሚሰራጭ፣ እየዋለ እያደረም እንዴት እንደሚለወጥ ነው ስል የሚስቅብኝ ሰው አላጣሁም። የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ነኛ! ጓደኞቼ «መርከብሽን የት አቆምሻት?» ይሉኝ ነበር። ያልሳቁት አባቴ ብቻ ናቸው። አባቴ ከባሕር ዳር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ ውኃው ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው፤ ጣናን አንድም ቀን ሐይቅ ብለውት አያውቁም። «ባሕሩ ይኸው፤ ምኑ ያስቃል?» አሉ።

ያኔ ባሕር ዳር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርሁ። አማካሪዬ ረጅም ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ግን አጭር ነው። መጀመሪያ ስንገናኝ፣ «ጣና ላይ አንዲት ጠብታ ናፍጣ ብታፈሺ እንጣላለን» አሉኝ። ስለዚህ ሥራዬን በሳፋ ጀመርሁ። ግቢያችን ውስጥ ሳፋ ደርድሬ፣ ከጣና ያስቀዳሁትን ውኃ ሞልቼ፣ ናፍጣ ጠብ አደርግበታለሁ። ጠብታዋ ውኃውን ስትነካ እንደ ሰፈር ወሬ ናት፤ ወዲያው ሳፋውን ታዳርሰዋለች፤ ቀለሟም ቀስተ ደመና ይሆናል። ፀሐይ ሲጠናባት ቀላል ቀላሉ ይተንና የቀረው ይከብዳል። ወፍራሙን ጥቁር ዘይት ደግሞ ከውኃ ጋር በጠርሙስ አድርጌ ስንጠው ዘይቱ ውኃውን እየጠጣ ያብጣል፤ በመጨረሻም ማንኪያ የሚያቆም ቡናማ ቅባት ይሆናል። መርከብ ተሰብሮ ዘይት ሲፈስ ማዕበሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እናቴ ጠርሙሱን ስወዘውዝ ቆማ አየችኝና፣ «ወተት ብትንጪ ኖሮ ይኼኔ ቅቤ ይወጣልሽ ነበር» አለችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዘይቱ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነበር። ለዚህ ዘይት ማፍሰስ አያስፈልግም፤ የሚንሳፈፍ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ውኃውን የማይጎዳ ነገር ይበቃል። «ፈንዲሻ» አሉ አማካሪዬ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እናቴ ጨው የሌለው ፈንዲሻ ምን ሊሆን ነው እያለች አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አፈነዳችልኝ።

በማለዳ በሞተር ጀልባ ወጣን። አባቴ ለንግሥ ወደ አንዲት ደሴት ይሄዱ ስለነበር አብረውን ተሳፈሩ። ነፋስ አልነበረም። ፈንዲሻውን ስበትነው ነጭ ክብ ሠራ፤ ቀስ እያለም እንደ ነጠላ ጥለት መርዘም ጀመረ። ደስ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ያለበትን ቦታ መመዝገብ ስጀምር፣ ምንቃራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉት እነዚያ ትልልቅ ነጭ ወፎች፣ ፔሊካኖቹ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ከደንገሉ፣ ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያ ረጅም የውኃ ዳር ሣር፣ መሐል ብቅ አሉ። ሲዋኙ አይቸኩሉም። ሲበሉ ግን ይቸኩላሉ።

«እሽ! እሽ!» ብዬ እጄን አወናጨፍሁ። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አስጮኸላቸው። ማን ሰምቶ!

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አንቺ ዘራሽ፣ እነሱ አጨዱ» አሉ።

ለአማካሪዬ ደወልሁ። «ዶክተር፣ ዘይቱ ተበላ።»

«በማን?»

«በወፍ።»

«እንግዲያው በብርቱካን ሞክሪ» ብለው ዘጉት።

ብርቱካን እውነትም ተሻለ። ግማሽ አካሉ ውኃው ውስጥ ስለሚሆን ሁለቱም ይገፉታል፤ ከላይ ነፋሱ፣ ከታች ውኃው። እየደጋገምሁ ስከተለው የጣና ዳርቻ ጠባይ ይገባኝ ጀመር። ጠዋት ብርቱካኑ ይንቀዋለላል፤ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ ሲነሣ ወደ ዳር ይነዳና ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አንድ ቀን ልብስ የምታጥብ ሴት በቀሚሷ ብርቱካን ቋጥራ ጠበቀችኝ። «የጠፋሽ ዕቃ ይኸውልሽ» አለችኝ፤ «አንዱን ግን ቀምሰነዋል።»

እንዲህ ስንጫወት ነው እውነተኛው የመጣው። ናፍጣ በበርሜል ጭና ልትሻገር የተነሣች አንዲት ጀልባ ገና ከዳር ሳትርቅ ከድንጋይ ተጋጨች፤ በርሜሎቹም ተቀደዱ። አማካሪዬ በስልክ «ቶሎ ነይ» አሉኝ እንጂ ሌላ አልተናገሩም። ስደርስ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የጀልባዋ ባለቤት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። በሳፋ የማውቀው ቀስተ ደመና ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተነጥፏል።

አማካሪዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ወዴት ይሄዳል?»

ብርቱካኖቹን አሰብሁ። «ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ወደዚያ ደንገል» አልሁና በጣቴ አመለከትሁ። አባቴ የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ውኃ የሚቀዳው እዚያ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ጥሩ። እርግጠኛ ነኝ ብትዪኝ እሰጋ ነበር። በይ እንሂድ።»

አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ደወል አስደወሉ። ለተሰበሰበው ሰው ያሉት አጭር ነበር፤ «ባሕሩ ታሟል። እስኪድን ከዚህ ዳር ውኃ እንዳትቀዱ።» እናቴ ሰባታሚት መንደር ላለው ወንድሟ ደወለች፤ አጎቴም ለላሞቹ ያስቀመጠውን የጤፍ ጭድ በጋሪ ጭኖ ከተፍ አለ። ጭድ ዘይት ይጠጣል። ማዳበሪያውን እየበሳሳን፣ ጭዱን እየጠቀጠቅን፣ በገመድ እያያያዝን ደንገሉ ፊት እንደ መቁጠሪያ ዘረጋነው። ካህኑም፣ ምእመኑም፣ የጀልባዋ ባለቤትም እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገቡ።

ነፋሱ ተነሣ። ወፍራሙ የናፍጣ ሰንበር ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣና ማዳበሪያዎቹ ላይ ተለጠፈ። እልል ያለች ሴት ነበረች። እኔም ልዘል ስል፣ ስሱ ናፍጣ፣ ያ ቀስተ ደመናው፣ ከገመዳችን ጫፍ ሹልክ ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲንሸራተት አየሁት። ዓባይ ከጣና የሚወጣው በዚያ በኩል ነው። ለካ ስለ ነፋሱ ሳስብ ውኃው ወደ ዓባይ በር መሳቡን ረስቼዋለሁ። ደግነቱ ስሱ ናፍጣ ዕድሜ የለውም፤ ፀሐይና ነፋስ ተባብረው ያሳሱታል፣ ያተኑታል። በማግሥቱ በዚያ በኩል ስንሄድ ሽታ እንጂ ቀለም አላገኘንም።

«ግማሹን አውቀሽዋል» አሉኝ አማካሪዬ፤ «ሌላው ግማሽ ጽሑፍሽ ላይ አንድ ምዕራፍ ይሆንሻል።»

የደንገሉ ጠርዝ ቢጫ ሆነና ታጨደ፤ ከሥሩ እንደገና አቆጠቆጠ። እኔ ከዚያ ዳር ውኃ እየቀዳሁ ቤተ ሙከራ እመላለስ ነበር። የናፍጣው ምልክት ጨርሶ ሲጠፋ ለአባቴ ነገርኋቸው። ሰው ግን ገና ፈርቶ ቆሟል። አባቴ ጣሳ ይዘው ወረዱ፤ አስቀድተውም ወደ አፋቸው አነሡት።

«አባባ፣ ቆይ ይፈላ» አልሁ፤ እኔው መርምሬ እኔው ፈራሁ።

«ናፍጣ አለበት?»

«የለበትም።»

«በቃ። እኔ ያስተማርሁሽ አንቺን ለማመን ነው እንጂ ለሌላ ለምን ነበር?» ብለው ጠጡት። ሴቶቹ እንስራቸውንና ጀሪካናቸውን አነሡ። እኔ ግን ያን ሳምንት በየጠዋቱ አባቴን «ሆድዎን አመመዎት?» እያልሁ አሰለቸኋቸው።

ሥራው ሲያልቅ ትከሻዬ ተሳስሮ ነበር፤ ፀጉሬም ሽታውን አለቅም አለ። እናቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዛኝ ወረደች። ፍል ውኃው ውስጥ ተደርድረን ስንቀመጥ፣ ከመሸንቲ ለጉልበቷ የመጣች ሴት በየተራ የሁሉንም ሕመም ትጠይቅ ነበር። እኔ ዘንድ ደረሰች።

«አንቺስ፣ እህቴ፣ ምንሽን ነው?»

«ናፍጣ» አልኋት።

«ናፍጣ? እሱ ደግሞ የት ላይ ነው የሚያመው?»

እናቴ ከእኔ ቀድማ፣ «አእምሮዋ ላይ» አለች።

ሴትዮዋ ከልቧ አዘነችልኝ። «ማርያም ትማርሽ» ብላ ክንዴን ያዘችና ሙቁ ውኃ ከላይ አናት ላይ በደንብ ከሚወርድበት፣ የራሷ ቦታ ላይ አስቀመጠችኝ።