ሽማግሌ የጫነችው አሮጌ መኪና

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ቦንጋ

ሽማግሌ የላከ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ ሽማግሌዎቹን ጭኖ አይነዳም። ወጉን አውቃለሁ። በኮንትራት የያዝኩት የሚኒባስ ሹፌር ግን ትናንት አመሻሹ ላይ «ሌላ ሥራ አገኘሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ስለዚህ የራሴን ሽማግሌዎች በራሴ መኪና ይዤ፣ የማገባትን ሴት ልጠይቅ ወጥቻለሁ። ቤቱ ስንደርስ ከአጥር ውጭ እቀመጣለሁ። ሳቁብኝ፤ እኔም ስቄያለሁ። የሳቅኩት ግን ከቦንጋ ሳንወጣ ነው።

መኪናዋ ነጭ ናት፣ ከመንጃ ፈቃዴ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። የቀኝ የኋላ በሯ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ከሳምንት ወዲህ ደግሞ አዲስ አመል አምጥታለች። ድንገት መብራቷ ሁሉ ድርግም ይላል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካት ትመለሳለች። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና የላላ ሽቦ ነው ብዬ ንቄዋለሁ።

ከፊት የተቀመጡት ጋሽ አዳነ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ጎረቤቴ። ከኋላ ጋሽ ኮጪቶ አሉ፤ የካፋ ሰው፣ ሰባን ያለፉ፣ ቃላቸው ጥቂት። ለሽምግልና ሄደው እምቢ ተብለው አያውቁም ይባላል። ገድ ግን ያያሉ። መንገድ ካልቀናቸው የጀመሩትን ትተው ይመለሳሉ።

«ነዳጅ?» አሉኝ ጋሽ አዳነ።

«ሞልቻለሁ።»

«ጎማ?»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው በስመ አብ በልና ንዳ፣ መምህር።»

የምንሄደው ከዋጫ ወዲያ ወዳለ መንደር፣ ወደ ማርታ አባት ቤት ነው። ማርታ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ለምን እስካሁን እንዳላገባች ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝም። ትናንት ቀድማን ሄዳለች።

1፡10፤ ውሽውሽ ሳንደርስ

ጉም ወርዷል። ጫካው ግራና ቀኝ አለ ይባላል እንጂ አይታይም፤ የሚሰማው የጉሬዛ ጩኸት ብቻ ነው። መብራት አብርቼ በሁለተኛ ማርሽ እየሄድኩ ነው። ሬዲዮኑ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራል።

ከዚያ ምንም። መብራት የለ፣ ሞተር የለ፣ ሬዲዮ የለ። መኪናዋ በዝምታ ትንሽ ተንሸራታ ቆመች።

ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ ወረድኩ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። የባትሪውን ገመዶች ነካካሁ፤ ጠብቀዋል። ጉሬዛዎቹም ዝም ብለዋል። እዚያ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ መኪናው ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች ያልሆነ፣ የጎልማሳ ሳቅ።

ጋሽ ኮጪቶ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ማን ነው የሳቀው?»

«ሬዲዮን ነው ጋሼ። ከቁልፉ ጋር አልተያያዘም፣ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ራሱ ይበራል።»

«ሬዲዮን መሆኑንስ ሰማሁ። ማን መለሰው?»

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ሳዞር በመጀመሪያው ተነሳች።

2፡30፤ የሻይ ማሳውን ካለፍን በኋላ

ጉሙ አልለቀቀም። ከፊታችን መንገዱ ዳር አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ ቆማለች። ሰላም ልላት እጄን ሳነሳ መብራቱ ጠፋ፣ ሞተሩም ተከተለ። እስከ አስር የሚያስቆጥር ጊዜ አልሆነም፤ መብራቱ ሲመለስ ሴትዮዋ የለችም። በቆመችበት ወደ ጫካው የሚገባ ቀጭን የእግር መንገድ አለ። እሱን ሳይ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ከልክ በላይ መሆኑ ደግሞ አሳፈረኝ።

«ሁለት፣» አሉ ጋሽ ኮጪቶ።

ጋሽ አዳነ ተቆጡ። «ምኑን ነው የሚቆጥሩት? አሮጌ መኪና ነው!»

«ልጁ ይወቅ እንጂ፣» አሉ ጋሽ ኮጪቶ፣ ወደ እኔ እያዩ። «ይህቺን ልጅ ልንጠይቅ ስንሄድ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ወጥቶላታል። አንዱ በፒክአፕ፣ አንዱ በሚኒባስ። ከዋጫ ወዲያ ያለው ዳገት ላይ ሁለቱም መኪና ቆመ። ሁለቱም ተመለሱ። እናንተ ‹የጫካው መንገድ ልጅቷን እምቢ አላት› አትሉም፤ አገሩ ግን ይላል።»

ማርታ ለምን እንዳልነገረችኝ ገባኝ። ነግራኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ መኪናዬን አስነሳ ነበር? ነበር ብዬ መማል እፈልጋለሁ።

«እኛም ከተመለስን?» አልኩ።

«ሦስተኛ ይሆናላ። ከሦስት በኋላ ለእሷ ደጅ የሚጠና ሽማግሌ አይገኝም።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እንዲህ ይሁን። ዋጫ ላይ መኪናዋን መካኒክ ይያት። ምክንያቱ ከተገኘ እንሄዳለን። ካልተገኘ እኔ እመለሳለሁ፤ አጉል ነገር ላይ እጄን አላስገባም።»

4፡00፤ ዋጫ

ከድር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ኤሌክትሪክም ይሠራል። አባቱ ለንግድ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ካፊኖኖውን ከአማርኛው እኩል ይናገራል። ነገሩን ስነግረው «ሲጠፋ ሁሉም አንድ ላይ ነው? ወይስ መጀመሪያ መብራቱ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሁሉም አንድ ላይ።»

«እንግዲያው አምፖል በአምፖል አንለፋም። ሁሉም የሚጠጣበት አንድ ቧንቧ አለ፣ የታመመው እሱ ነው። አታጥፋት፣ እየሠራች ትቁም።»

ከባትሪው ጀምሮ ወፍራሙን ገመድ ተከትሎ በጣቱ እየነካካ፣ እየጎተተ፣ እየገፋ መጣ። ምንም። ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባው ተኝቶ ገባና የፊውዙን ሳጥን በቡጢ መታ አደረገ። መኪናዋ ድርግም አለች። ደግሞ መታው፤ መብራቱ ተመለሰ።

ጋሽ ኮጪቶ ሱቁ ደጃፍ ከተቀመጡበት ዱካ ተነሱ።

ከድር ሳጥኑን ፈታው። ከኋላው ዋናው ገመድ የሚገባበት መገናኛ ጠቁሯል፣ ዙሪያው በሞቱ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተጠቅጥቋል። በጣቱ ነካው፤ ተጣበቀበት። አሸተተው። «መምህር፣ መኪናህን ማር ታበላታለህ እንዴ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከወር በፊት ማርታን ሳል ይዟት ማንኪራ ሄጄ ማር ገዝቼላት ነበር። ለመድረስ ቸኩዬ ጣሳውን ዳሽቦርዱ ላይ አኖርኩት፣ ጠመዝማዛው ላይ ተገለበጠ። የሚታየውን ጠራርጌ ተውኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔን ነው፤ እኔ እንዲያውም ለቅሜ አልጨረስኩም።

«ማሩ እርጥበት ይስባል፣ ጉንዳኑ ማሩን ይከተላል፣ ብረቱ ይበላል፣» አለ ከድር። «ጉም ሲሆን ይለቃል፣ ሲሞቅ ይይዛል።» የተቃጠለውን ቆረጠ፣ በአሸዋ ወረቀት ፈተገ፣ አዲስ ማያያዣ አሰረ። ሳጥኑን ደጋግሞ መታው። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ኮጪቶ መነጽራቸውን አድርገው ጉንዳኖቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። «ምክንያት አለው፣» አሉ በመጨረሻ። «እንሂድ።»

ጋሽ አዳነ ትከሻዬን መቱኝ። እኔ ደግሞ ከድርን አቀፍኩት፤ ምን እንደነካኝ አልገባውም።

5፡20፤ ዳገቱ

እዚህ ጉም የለም። ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ከከፍታው ጫፍ ሃያ ሜትር ያህል ሲቀረን፣ ትላልቅ ዛፎች መንገዱን በጋረዱበት ቦታ፣ መኪናዋ ጠፋች።

ፍሬን ያዝኩ። ፈራሁ። ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ ሳጥኑን መታሁ፣ ገመዱን ጎተትኩ፣ ከድር ያሰረውን ነካሁ። እንደታሰረ ነው። እርጥበት የለ፣ ጉንዳን የለ። ምክንያት የለም።

ከላያችን፣ ከቅጠሉ ውስጥ፣ የወንድ ድምፅ በካፊኖኖ ተናገረ። ቀና ብል ሰው አይታየኝም።

«ምን አለ?» አልኩ በሹክሹክታ።

ጋሽ አዳነ ፊታቸው ተለዋውጧል። «‹እናንተም እንደ ፊተኞቹ ልትመለሱ ነው?› ይላል።»

ቆይቶ እግሩ ታየኝ፤ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ የወጣ ሰው ነው። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች በዚህ መንገድ ሲያይ ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልገውም። ይህን ለራሴ ነገርኩት። ልቤ ግን አልረጋም።

ጋሽ ኮጪቶ ወደ ዛፉ ሽቅብ አዩ። ከዚያ በሩን ከውጭ ክፈትልኝ አሉኝ። ይኸው አበቃ አልኩ በሆዴ። ከፈትኩላቸው፣ ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ አሰሩ። ወደ ዛፉ አንድ አጭር ቃል ተናገሩና ከመኪናዋ ኋላ ሄደው ሁለት እጃቸውን ክዳኑ ላይ አኖሩ።

«ምን ቆመሃል?» አሉኝ። «ግባና መሪህን ያዝ።»

ጋሽ አዳነም ወረዱ። ቀፎ ሰቃዩ ከዛፉ ወርዶ ሳያናግረን አብሮ ገፋ። ጫፉን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ መብራቱ በራሱ በራ፣ ሞተሩ ተነሳ። ዘወር ስል ቀፎ ሰቃዩ ወደ ዛፉ እየተመለሰ ነበር። ጋሽ ኮጪቶ እያለከለኩ ገቡ። ሦስት ብለው አልቆጠሩም።

6፡15፤ ማርታ ቤት

ከአጥሩ ውጭ አቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። በሩ ክፍት ስለሆነ ይሰማኛል። የማርታ አባት ሰላምታውን አሳጥረው፣ ገና ሳይቀመጡ ጠየቁ።

«መንገዱ እንዴት ነበር? መኪናው... አልቆመባችሁም?»

ምን ያህል ጊዜ ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው እንደኖሩ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«አልቆመም፣» አሉ ጋሽ ኮጪቶ። «አንድም ጊዜ።»

በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ዋሹ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ አዳነ ሳሉ። ከዚያ ወንበር ሲሳብ፣ ሰው ሲቀመጥ፣ «ግቡ፣ እረፉ እንጂ» ሲባል ሰማሁ። ነገሩ ወጉን ይዞ ቀጠለ። በመጨረሻ አባቷ «ዘመድ እናማክርና ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሉ። ይህ በሽማግሌ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ።

ማርታ በጓሮ ዞራ፣ ቅባት የነካው እጄን ልታስታጥበኝ ውሃ ይዛ መጣች። እያፈሰሰችልኝ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እውነት አልቆመችም?»

ለእሷ መዋሸት አልሆነልኝም። «ቆማለች። ሦስት ጊዜ። የመጨረሻው እዚያው ዳገት ላይ ነው፣ ምክንያቱንም አላገኘሁትም።»

ማፍሰሱን አቆመች። ወደ ቤቱ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ድምፅ ዘወር አለች።

«የፊተኞቹ የተመለሱትኮ አንዴ ቆሞባቸው ነው፣» አለችኝ።

ከዚያ የቀረውን ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝና ገባች።