ያቃጠለውን ፍለጋ

የአማተር ሬዲዮ ክበቡ ጸሐፊ የጣራውን ክፍል ስትከፍትለት፣ ሰውየው ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ አልመለሰም። ስድሳን የተሻገረ፣ የኮቱ ክርን በሌላ ቀለም ጨርቅ የተጣፈ፣ ቴስተሩን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ የታቀፈ ሰው ነው። የአባላቱን ድምፅ ተቀብሎ ወደ ሩቅ የሚያስተላልፈው ሪፒተር ዝም ካለ ሳምንት ሆኖታል። ክዳኑን ከፈተና አሸተተ።

«ኃይሉን የሚያጎላው አምፕሊፋየር ነዷል።»

«አዲስ ትራንዚስተር አምጥተናል፤ ይቀይሩታ!»

«እህቴ፣ የተቃጠለውንማ ማንም ይቀይረዋል። ያቃጠለውን ካላገኘን ነገም ይነዳል።»

ኃይል መስጫውን ለካ፤ ደኅና ነው። ማራገቢያውን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ይዞራል። የአንቴናውን ገመድ ከመጋጠሚያው ሲፈታው ግን ውሃ ጠብ አለ።

«ውሃ የገባበት ገመድ ኃይሉን ወደ አንቴናው አያሳልፍም። መውጫ ያጣ ኃይል ተመልሶ የላከውን ይበላል» አለ። ሊስቅ ሞክሮ ተወው።

ገመዱን ለወጠ፤ አዲሱን ትራንዚስተር በየደ። ማብሪያውን ሲጫነው የአንድ አዛውንት አባል ድምፅ ከሬዲዮው ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«ተመስገን! ማነው የጠገነው? ስሙን ንገሩኝና ልመርቀው!»

ጸሐፊዋ ማይኩን ስታነሳ ሰውየው ክንዷን ያዛት።

«ታላቅ ወንድሜ ነው። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ ዓይን ለዓይን አንተያይም። ስሜን ከነገርሽው ሬዲዮውን ይዘጋዋል።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«ከሱቅ የተላከ ሰው ነው በይው።»

እንዳላት ተናገረች። እሱም ዕቃውን ሳይሰበስብ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ለማይታወቅ ሰው የሚወርደውን ምርቃት እስከ መጨረሻው ሰማ። አሜን ግን አላለም።