ኳሱ እስኪያርፍ

ትናንት አዲስ አበባ ትልቅ የቴኒስ ውድድር ለማየት ገባሁ። ተጫዋቿ ኳሱን ወደ ላይ ልትወረውር ስትል ተመልካቹ ሁሉ ጸጥ አለ። ወዲያው ቡራዩ ያለው የአጎቴ የኦቦ ከድር ሱቅ ትዝ አለኝ።

አጎቴ ቴኒስ በቴሌቪዥን ሲያዩ ገበያ አይታያቸውም ነበር። ደንበኛ «ኦቦ ከድር፣ ስኳር!» ሲል፣ «ኳሱ ይረፍ እንጂ! ልጅቷን ትረብሻታለህ» ይሉታል። እኛ ልጆች አፋችንን ይዘን እንስቃለን፤ ልጅቷ ያለችው ባሕር ማዶ ነዋ!

«ይሄን በዓይኑ ያየ ሰው ታድሎ!» እያሉ ይተክዙ ነበር። አዲስ አበባም ቴኒስ እንዳለ ማናችንም አናውቅም ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ሳያዩ አለፉ።

ጨዋታው አልቆ ስወጣ፣ ከሜዳው በር ፊት ለፊት ሚኒባስ ቆሟል። ረዳቱ ይጮሃል፦ «ቡራዩ፣ ቡራዩ! አንድ ሰው!»