ሱሉልታ ላይ ያየሁት ሳህን

ሰበታ

ልጄ ሜሮን ክረምቱን ቡራዩ እህቴ ዘንድ ነበረች። እግሯ ላይ የወጣው እብጠት አልድን ስላላት፣ ሱሉልታ ያለች ሐኪም መግሉን ወስዳ ለምርመራ አስቀምጣ ነበር። ሜሮንን ከቡራዩ ወስጄ ውጤቱን ለመስማት በዝናብ ከሰበታ ተነሳሁ።

ጎረቤቴ እመቤት በር ላይ ጠብቃ በመሀረብ የቋጠረችውን ካፕሱል ሰጠችኝ።

«ለልጄ ለአቤል ጉሮሮ ተገዝቶ የተረፈ ነው። ጠንካራ ነው፣ ስጪያት። የተረፈውን ግን መልሺልኝ፣ እሺ?»

በሰፈራችን የተረፈ መድኃኒት እንደ ጨው እንዋዋሳለን። ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።

ቡራዩ

በአየር ጤና፣ ከዚያም በአስኮ በኩል ደረስኩ። ሜሮን ተኝታ ነበር፤ እግሯ ያቃጥላል።

«እማ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይራመዳል» አለችኝ።

ካፕሱሉን ላውጣ ስል እህቴ እጄን ያዘች። «ሁለት ዓይነት ከፋርማሲ ገዝቼ ሰጥቻታለሁ፤ ለማን ነው ያለኝ እንኳ የለም። ሐኪሟ አሁን ውጤቱ ሳይታይ ምንም እንዳትውጥ ብላለች።»

ሱሉልታ

እንጦጦን አልፈን ስንወርድ ጭጋጉ መንገዱን ዋጠው። ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ሲሄድ የላሞች ራስ ብቻ ከነጩ ውስጥ ብቅ እያለ ይጠፋል።

የክሊኒኩ ዘበኛ ኦቦ ጉታ «አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ» ብለው ተቀበሉን። «በዚህ ጭጋግ ሰው አይታይም፤ ሁሉንም በሳሉ ነው የማውቀው። ያንቺ ልጅ አትስልም፣ አዲስ ናት ማለት ነው» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሟ ክዳን ያለው ትንሽ ሳህን አመጣች። ውስጡ እንደ እርጎ ቆዳ ያለ ነገር ተዘርግቶ፣ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ከሜሮን እግር የወጣው ጀርም ነው። ክብ ወረቀቶቹ እያንዳንዳቸው በተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ናቸው። መድኃኒቱ ከሠራ ጀርሙ በወረቀቱ ዙሪያ አይበቅልም።»

የእመቤትን መሀረብ ፈታሁ። የካፕሱሉን ስም አንብባ አንዱን ወረቀት አሳየችኝ። ጀርሙ እስከ ጫፉ ድረስ በቅሎ ከቦታል። ልሰጣት የነበረው ይህንኑ ነው።

ንጹሕ ክብ የነበራቸው ሁለት ወረቀቶች ብቻ ናቸው። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ሦስት ቀለም ወረቀት አሳየችኝ። አረንጓዴው መጀመሪያ የሚሰጠው ነው፣ ቢጫው በጥንቃቄ፣ ቀዩ ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲያቅት። ከሁለቱ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ ነበር።

«ዶክተር፣ ቀዩን ይስጡልኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«አረንጓዴው ይሠራል። ጀርሙን ዛሬ ከቀዩም ጋር ካለማመድነው፣ ሌላ ጊዜ ስትታመም ምን እሰጣታለሁ?»

የሰጠችኝ እናቴ ድሮ ለሆዷ ትውጠው የነበረውን ርካሽ ነጭ ኪኒን ነው። እየፈራሁ ተቀበልኩ። ካፕሱሎቹን እዚያው ተውኳቸው።

መልስ

ኪኒኑ እስኪያልቅ ቡራዩ ቆየሁ። እብጠቱ ጎደለ። ሜሮን «ድኛለሁ፣ ይብቃኝ» ስትል ያ ሳህን ዓይኔ ላይ መጣ፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚበቅለው። የመጨረሻዋን ኪኒን አፌን ከፍቼ እያሳየሁ አፏን አስከፍቼ አስዋጥኳት።

ሰበታ ስንገባ እመቤት ሜሮንን አቀፈቻት። «አየሽ? መድኃኒቴ አይደል ያቆማት! የተረፈውን አምጪ፣ አቤል ደግሞ ብሶበታል።»

ስለ ሳህኑ ነገርኳት።

«አንቺ ደግሞ! ሱሉልታ ሄደሽ ጅብ ያየሽ ነው የምትመስዪው» ብላ ሳቀች።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ አቤል ሳለ። አይታየኝም፤ በሳሉ ግን እሱ መሆኑን አወቅኩ። እመቤትም ሳቋን አቆመች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ጠንካራ የምንለው መድኃኒት የትኛው ጀርም ላይ እንደሚሠራ ሳይመረመር አይታወቅም።

«ካፕሱሉ የለም» አልኳት። «ጫማሽን አድርጊ፤ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ አብሬሽ ልሂድ።»